ባለቤት የሌለው ጢስ

በጋይንት፥ በስማዳና በእስቴ አገር አንድ ባላገር ጎረቤቱ አንዲት ትልም መሬት ቢገፋበት ዝም አይልም። ሽማግሌ ይሰበስባል፤ ሽማግሌ ባይፈርድለት ወደ ዳኛ ይሄዳል፤ ዳኛው ቢያዘገይበት ስንቁን ቋጥሮ ይመላለሳል፤ እርሱ ቢሞት እንኳ ሙግቱን ለልጁ ያወርሳል። ይህንም የሚያደርገው የትልሟ ምርት ከሙግቱ ወጪ በልጦ አይደለም፤ የኔ የሚለው ነገር ሳይጠየቅ ስለ ተወሰደበት ነው። ይኸው ሰው ግን የጎረቤቱ ጢስ ከቤቱ ገብቶ ሕፃኑን ሲያስለው፥ የአላፊው መኪና አቧራ በማዕዱ ላይ ሲያርፍ፥ በሰፈሩ ዳር የተቃጠለው ጥራጊ ሽታ ሌሊቱን ሲያውከው ማንንም አይከስም። አፍንጫውን በጋቢው ጫፍ ሸፍኖ ያልፋል። መሬት ባለቤት አለው፥ አየር ግን ባለቤት የለውምና፤ ባለቤት የሌለውን ነገር ያበላሸም ሰው በዳይ ተብሎ አይጠራም።

እንግዲህ ሊመረመር የሚገባው ጥያቄ ይህ ነው። ማንም ሰው ክፉ አስቦ ሳይሠራው፥ ሁሉም እየጥቂቱ አዋጥቶ የሚያደርሰው ጉዳት በደል ይባላልን? በደልስ ከሆነ በደለኛው ማን ነው? የሕግ ዐዋቂዎች አንድን ክፉ ሥራ ሲመረምሩ አድራጊውን፥ አሳቡንና ተጎጂውን ይፈልጋሉ። በጢስ ነገር ግን ተጎጂው አለ፤ አድራጊውም እጅግ ብዙ ነው፤ ክፉ አሳብ ግን በማንም ልብ አይገኝም። እናት እሳት የምታነደው ልጆችዋን ልታበላ ነው፤ ባለ መኪናው የሚያልፈው እህል ሊያደርስ ነው፤ ጥራጊውን የሚያቃጥለውም ሰው ደጁን ሊያጸዳ ነው። ስለ ሰረቀው በግ ወይም ስለ ማለው የሐሰት መሐላ ለንስሓ አባቱ የሚናዘዝ ሰው ይገኛል፤ ስለ ለቀቀው ጢስ የሚናዘዝ ቢገኝ ግን ለካህኑም ጆሮ እንግዳ ነገር ይሆንበታል።

ጢስ እንዲህ ከክስ ያመለጠበት ሌላም ምክንያት አለ፤ ይኸውም በሕዝቡ ዘንድ የበጎ ነገር ምልክት ሆኖ መኖሩ ነው። መሽቶበት በተራራ የሚጓዝ መንገደኛ ከሩቅ ጢስ ቢያይ ልቡ ይጸናል፤ በዚያ ሰው አለ፥ እሳት አለ፥ እራትም አይጠፋም ይላል። ጢስ የማይወጣበት ቤት ግን ወይ ሐዘን የገባበት ወይ እህል ያለቀበት ቤት ነው። በሌላው መሬት ላይ ጎጆ ቀልሶ የሚያርሰው ገበሬ ይጠራበት የነበረው ጢሰኛ የሚለው ስም እንኳ ከዚሁ የወጣ ነው፤ ስሙ በ1967 ዓ.ም. በታወጀው የመሬት ዐዋጅ ከነሥርዐቱ እስኪቀር ድረስ፥ ሰው በእሳቱና በጢሱ ይቈጠር እንደ ነበር ያስረዳል። የሕይወት ምልክት የሆነውን ነገር ሕይወትን ያሳጥራል ብሎ መጠርጠር ለሰው ልብ ቀላል አይደለም።

የጢስን ባሕርይ የመረመሩ ሊቃውንት ግን ይህን አስረድተዋል። ጢስ ከፊሉ መርዝ ያለበት አየር ነው፤ ከፊሉም እጅግ የደቀቀ ትቢያ ነው። ከዚህም ትቢያ ይልቁን የሚያስፈራው፥ አንድ ሚሊ ሜትር ለሺህ ቢከፈል ከክፍሎቹ የሁለት ተኩሉን ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ስፋት ያለው ነው፤ ይህም ከአንድ የራስ ጠጕር ውፍረት 30 ጊዜ ያህል የቀጠነ ነው ማለት ነው። የመንገድ አቧራ አብዛኛው ከዚህ ይወፍራል፤ ስለዚህ ብዙው በአፍንጫና በጕሮሮ ተይዞ በንፍጥና በአክታ ይመለሳል። የጢስ ትቢያ ግን ይህን በረኛ አልፎ እስከ ሳንባ ጓዳ ይዘልቃል፤ ከዚያም ጥቂቱ ወደ ደም ይሻገራል። በሕፃናት ላይ የሳንባ ምችን፥ በትልልቆቹ ላይ ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመምን፥ የልብና የአንጎል የደም ሥር በሽታን፥ የሳንባ ካንሰርንም ያመጣል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የዚህ ረቂቅ ትቢያ ልክ በዓመት አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ5 ማይክሮ ግራም እንዳይበልጥ መክሯል። በተከፈተ እሳት በሚጋገርበት ማድ ቤት ግን እሳቱ በሚነድበት ሰዓት ብዙ መቶ፥ አንዳንድ ጊዜም ከሺህ በላይ ሆኖ ይገኛል።

ብዙ ሰው የተበከለ አየር ሲባል የሚመስለው የታላላቅ ከተሞች ነገር ብቻ ነው። በአዲስ አበባ የአሜሪካ ኤምባሲ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአየሩን ትቢያ የሚለካ መሣሪያ አቁሞ ልኩን ለሕዝብ ይገልጥ ነበር፤ በ2025 እ.ኤ.አ. ግን መግለጡን ተወ። የትንሽ ከተማ ጢስ ልክ የሚታወቀው ከመሣሪያ ይልቅ በሰው ዓይን መቅላትና በሰው ሳል ነው። ሆኖም ነገሩን አጥብቆ ለተመለከተው፥ ትንሽ ከተማ በዚህ ጕዳይ ከትልቁም ከገጠሩም የባሰ ዕዳ አለባት። የላይ ጋይንቷን ነፋስ መውጫን፥ የታች ጋይንቷን ዐርብ ገበያን፥ የስማዳዋን ወገዳን፥ የእስቴዋን መካነ ኢየሱስን ያየ ሰው ይህን ያስተውላል። የገጠሩ ምድጃ ገና ከቤት አልወጣም፤ የከተማው ፕላስቲክ፥ የተጣለ ጎማ፥ ባጃጅና የናፍጣ መኪና ግን ገብቷል። በገጠር ጢሱ የአንድ ጎጆ ነበር፤ ጎጆና ጎጆም ተራርቀው ነፋስ በመካከላቸው ያልፍ ነበር። በከተማ ቤት ከቤት ተጣብቆ ተሠራ፤ አነዳዱ ግን እንደ ገጠሩ ቀረ። ስለዚህ የትንሽ ከተማ ሰው የሁለቱን ዓለም ጢስ በአንድ ሳንባ ይስባል።

የነፋስ መውጫ ስም ለዚህ ነገር ምሳሌ የሚሆን ነው። ከተማዪቱ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፥ ከጉና ተራራ ወዲያ በደጋው ላይ የተመሠረተች ናት፤ ነፋስም በእውነት አያጣትም። ነገር ግን ብርዱ እጅግ ስለሚጸና ሰው በሩን ዘግቶ፥ ቀዳዳውን ደፍኖ እሳቱን ከብቦ ያመሻል። በውጭ ነፋሱ በነፃ ይመላለሳል፤ በውስጥ ግን ጢሱ ታስሮ ያድራል። እንጨቱ በማነሱም ምድጃው በኩበትና በጭራሮ ይነዳል፤ ኩበት ደግሞ ከደረቀ እንጨት ይልቅ ጢሱ የበዛ ነው፤ ማሳውን ሊያዳብር የሚገባውን ፍግም አመድ ያደርገዋል። ስለዚህ በስሟ የነፋስ መውጫ የሆነች ከተማ በብዙ ማድ ቤቶችዋ የጢስ መውጫ የላትም። በቆላውና በወይና ደጋው በኩል ደግሞ በበጋ ሌሊት ሰማዩ ጠርቶ ምድር ስትቀዘቅዝ፥ ከባዱ ቀዝቃዛ አየር ወደ ሸለቆው ወርዶ ይተኛል፤ ሞቃቱም አየር ከበላዩ እንደ ክዳን ይሆንበታል። የማታውና የማለዳው ጢስ ከክዳኑ በታች ተይዞ ፀሐይ እስክትሞቅ ድረስ እንደ ጭጋግ ይታያል። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ አልፎ ወደ ወልድያ የሚዘልቀው፥ በደርግ ዘመን ቻይናውያን የሠሩት መንገድ ሐኪሙንም መድኀኒቱንም ጨዉንም አምጥቷል፤ የሚያልፉበት መኪናዎች ጢስና በየከተማው ከጥርጊያው መንገድ የሚነሣው አቧራ ግን ከዚሁ ጭጋግ ይቀላቀላል።

አበው ስለ መተባበር ሲያስተምሩ፥ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፥ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው ይላሉ። ምሳሌው እውነት ነው፤ ጢስ ግን ይህን ምሳሌ ይገለብጠዋል። የሃምሳ ቤት ጢስ ለያንዳንዱ ቤት ቀላል ነገር ነው፤ ተሰብስቦ ግን በአንድ ሕፃን ደረት ላይ ሲወርድ ሸክም ይሆናል። በሎሚው ብዙ ሰዎች ተካፍለው የአንዱን ሸክም ያቀልላሉ፤ በጢሱ ብዙ ሰዎች የየራሳቸውን ቀላል ነገር ለቀው የአንዱን ሸክም ያከብዳሉ። ከዚህም የተነሣ እያንዳንዱ ሰው ሲጠየቅ፥ የኔ ጢስ ምን ያህል ነው? እኔ ብተወውስ የከተማው ጢስ ይጐድላልን? ብሎ ይመልሳል። መልሱ ጨርሶ ሐሰት አይደለም፤ አደገኛ የሆነውም ስለዚህ ነው።

ይህን መልስ የሚረታው ሌላ ሥራ ነው፤ እርሱንም በሦስቱም አገር የማያውቀው የለም። አንድ ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ ሕዝቡ ሁሉ ድንጋይ ይሸከማል። አንዲት አሮጊት ከወንዝ አንድ ድንጋይ አምጥታ ብትጥል፥ ያች ድንጋይ ብትቀር ሕንፃው አይፈርስም ነበር። ነገር ግን ሥራው ሲፈጸም አሮጊቲቱ፥ እኔም ሠርቻለሁ ትላለች፤ ካህናቱም ሕዝቡም እውነትሽን ነው ይሏታል እንጂ፥ ድንጋይሽ ትንሽ ነበረችና ድርሻ የለሽም የሚላት የለም። በደቦ ያጨደ፥ በተፋሰስ ሥራ እርከን የካበ፥ ለትምህርት ቤት ያዋጣ ሁሉ እንዲሁ ነው። እንግዲህ ሰው በበጎው ሥራ ትንሿን ድርሻውን ይዞ፥ እኔም አለሁበት የሚል ከሆነ፥ በጉዳቱ ሥራ ያችኑ የምታህል ድርሻ ይዞ፥ እኔ የለሁበትም ሊል እንዴት ይችላል? ምስጋናን በድርሻ የሚቀበል ነቀፌታንም በድርሻ ሊቀበል ይገባዋል። አለዚያ ሚዛኑ የአባይ ነጋዴ ሚዛን ይሆናል፤ ሲቀበል አንድ ልክ፥ ሲሰጥ ሌላ ልክ።

በሥልጣኔያቸው ገናና የሆኑትም አገሮች ይህን የተማሩት በብዙ ሞት ነው። በለንደን ከተማ የድንጋይ ከሰል ጢስ የሰውን ጤና እንዲጎዳ፥ ጆን ኢቭሊን የተባለ ጸሐፊ በ1661 እ.ኤ.አ. ለንጉሡ ለዳግማዊ ቻርልስ መጽሐፍ ጽፎ አሳስቦ ነበር። ሰሚ ግን አላገኘም፤ ምድጃ ሁሉ የየቤቱ ነበርና። ሦስት መቶ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፥ ከታኅሣሥ 5 እስከ 9 ቀን 1952 በፈረንጆች አቆጣጠር፥ ቀዝቃዛ አየር በከተማው ላይ ተኝቶ የየቤቱንና የየፋብሪካውን ጢስ ያዘው። በቀን ሰው እግሩን እስከማያይ ድረስ ጨለመ። በመጀመሪያ 4,000 ያህል ሰው እንደ ሞተ ተነገረ፤ በኋላ የመረመሩት ግን እስከ 12,000 እንደሚደርስ ገመቱ። ከነዚህ ሙታን አንዱን እንኳ፥ እገሌ ገደለው ሊባል አልተቻለም። በ1956 እ.ኤ.አ. የወጣው የንጹሕ አየር ሕግ ግን ነገሩን በጥበብ ፈታው፤ ጢስ የማይወጣበት ሰፈር ከለለ፤ ባለ ቤቱም ምድጃውን ሲለውጥ ከወጪው የሚበልጠው ከሕዝብ ገንዘብ እንዲተካለት አዘዘ። በኅብረት የደረሰውን ጉዳት በኅብረት ከፈሉት ማለት ነው። ሕጉ ጢሱን በየቤቱ ቈጥሮ በመቅጣት ብቻ አልቀረም፤ ከጢሱ የሚወጡበትንም መንገድ አብሮ ሰጠ።

በዚህ ላይ ግን አንድ ትልቅ መከራከሪያ ይነሣል። የለንደን ሰው ሀብታም ነበር፤ የስማዳ ድኃ ግን እሳቱን ቢያጠፋ ምን ይበላል? ችግር ሕግን ይሽራል ይባላል። መከራከሪያው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ማንን ነፃ እንደሚያወጣ መለየት ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ ከ10 ቤተ ሰቦች ከ9 የማያንሱት እስከ ዛሬ በእንጨት፥ በከሰል፥ በኩበትና ይህን በመሰለው ነገር ያበስላሉ። የዓለም የጤና ድርጅት እንደ ገመተው በቤት ውስጥ ጢስ ምክንያት በ2020 እ.ኤ.አ. በዓለም 3.2 ሚሊዮን ሰው ሞቷል፤ ከዚህም ውስጥ ከ237,000 የሚበልጡት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆነ ሕፃናት ነበሩ። ልጅዋን በአንቀልባ አዝላ በምጣዱ ላይ ያጐነበሰችው ሴት ከዚህ ጢስ የመጀመሪያውን እስትንፋስ ትወስዳለች፤ ሁለተኛውን ደግሞ በጀርባዋ ያለው ሕፃን። እርስዋ ሌላ መንገድ የላትምና ከበደሉ ነፃ ናት፤ እንዲያውም የተጎጂዎች መጀመሪያ ናት። ነገር ግን ችግር ነፃ የሚያወጣው የተቸገረውን ብቻ ነው። እንጀራውን በንጹሕ ክፍል ተቀምጦ የሚበላው፥ ማድ ቤቱ መስኮት እንዲኖረው ጠይቆ የማያውቀው አባወራ በሚስቱ ችግር ሊጸድቅ አይችልም። ፕላስቲክና ጎማ በደጁ የሚያቃጥለውም ሰው እራት ለማብሰል ነው ሊል አይችልም። ጥራጊ የሚጣልበትን ስፍራ ያላዘጋጀው ሹምም እንዲሁ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በ44ኛው አንቀጽ፥ ሰዎች ሁሉ ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አላቸው ይላል፤ መብት ባለበት ደግሞ ባለ ዕዳ ሊኖር ግድ ነው።

በዚህ ነገር ሰው ራሱን የሚያታልልበት ሌላ መንገድም አለ፤ ትንሽ በጎ ነገር ሠርቶ ዕዳው ተከፈለ ማለት። በኢትዮጵያ ከሠላሳ ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ ምርጥ የሚባል፥ ምጣዱን ዙሪያውን የሚከልል ምድጃ ይሠራል፤ ከተከፈተው ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቈጥባል። ይህ የተመሰገነ ነው፤ ሴቲቱን ከረጅም የማገዶ መንገድ፥ ዛፉንም ከመጥረቢያ ያሳርፋል። ነገር ግን በማላዊ አገር ከ10,000 በሚበልጡ ሕፃናት ላይ ተደርጎ በ2016 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የታተመ ምርመራ፥ ጢሱ የሚቀንስ ምድጃ የተሰጣቸው ቤቶች ሕፃናት በሳንባ ምች መያዛቸው ካልተሰጣቸው እንዳላነሰ አሳይቷል። ቃጠሎ ግን ቀንሶ ተገኝቷል። ምክንያቱን ማስተዋል አይከብድም፤ ምድጃው ቢሻሻል እንኳ የጎረቤቱ ጢስ፥ የጥራጊው ጢስ፥ የመብራቱም ጢስ ይመጣል። አንድ ቤት ብቻውን ጢስን ድል ሊያደርግ አይችልም፤ አየር ግድግዳ የለውምና። ይህም ከላይ የተባለውን ያጸናል፤ ጉዳቱ የጋራ ከሆነ መድኀኒቱም የጋራ ካልሆነ አይሠራም።

ሌላው ለኅሊና የሚከብደው ነገር የውሃው መንገድ ነው። ከጉና የሚመነጩት ጉማራና ርብ ወደ ጣና ይገባሉ፤ ስማዳን ከወሎ የሚለየው በሽሎም ከዐባይ ይገናኛል። ይህ ውሃ ሁሉ ወርዶ ወርዶ፥ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀውንና ከ5,000 ሜጋ ዋት በላይ የማመንጨት ዐቅም ያለውን የሕዳሴ ግድብ ይሞላል። ውሃውን ከላኩት ተራሮች በታች ግን ሴቲቱ ገና ኩበት ላይ እፍ ትላለች። ይህን ማለት ግድቡን መንቀፍ አይደለም፤ ሕዝቡ ሁሉ ካለው ላይ አዋጥቶ የሠራው ነውና፤ ከዚህ በላይ የድርሻ ምሳሌ አይገኝም። ነገር ግን ብርሃኑ በሳሎን አምፖል ላይ ብቻ ቢቆምና በማድ ቤት ምጣድ ላይ ባይደርስ፥ ሥራው ገና በመንገድ ላይ ነው።

እንግዲህ ከድርሻ የሚመጣው ዕዳ በዐቅምና በዕውቀት ልክ ይከፈላል። ድኃው ማገዶውን በደንብ ቢያደርቅ፥ ሕፃኑን በሚጋገርበት ሰዓት ለሌላ ቢያሲዝ፥ ከማድ ቤቱ ጣራ ሥር መተንፈሻ ቢከፍት ዕዳውን ከፍሏል። ባለ ሀብቱ ግን ከዚህ አልፎ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሊያስገባ፥ የማድ ቤት ሠራተኛውንም ሳንባ እንደ ልጁ ሳንባ ሊቈጥር ይገባዋል። መንገድ የሚሠራ አቧራውን በውሃ ያርጥብ፤ ማዘጋጃ ቤት ጥራጊውን ይሰብስብ። የደብሮች ደን አቧራውን በቅጠሉ ይይዛል፤ ዘመናት ያለፉትም ቅጥርና ጠባቂ ስላላቸው ነው። አየር ቅጥር ሊሠራለት አይቻልም፤ ስለዚህ ጠባቂው የሰው ኅሊና ብቻ ነው።

ዕድርም አለ። በነዚህ ከተሞች ሰው ከሞተ ዕድሩ ድንኳን ይተክላል፥ ወንበር ያመጣል፥ ቤተ ሰቡን ያጽናናል፤ ለዚህም ሁሉም በየወሩ ያዋጣል፤ ማንም፥ የኔ ጥቂት ብር ምን ትጠቅማለች አይልም። ለሞተው ሰው ድንኳን ያላጣ ዕድር፥ ገና በሕይወት ላለችው ሴት የጢስ መውጫ ሊሠራላት አይሳነውም። በየሰፈሩ በየተራ አንድ ማድ ቤት ቢታደስ፥ አቅም በተገኘ ጊዜም የጋራ መጋገሪያ በኤሌክትሪክ ቢቆም፥ ሃምሳው ሎሚ እንደ ገና ወደ ቀድሞ ትርጓሜው ይመለሳል፤ የሃምሳ ሰው ጌጥ፥ ለማንም ሸክም ያልሆነ።

የቀደሙት አባቶች ጢስ እንዲህ እንደሚጎዳ ሳያውቁ ኖሩ፤ ያላወቁትም አይጠየቁበትም። የዛሬው ግን ተነግሮታል፤ ትቢያው ተለክቷል፥ ሙታኑ ተቈጥረዋል። ስለዚህ፥ ማንም ያላሰበው ጉዳት በደል ነውን? ለሚለው ጥያቄ መልሱ ይህ ይሆናል፤ ጉዳቱ ሳይታወቅ በፊት መከራ ነበረ፤ ከታወቀና መድኀኒቱም ከተገኘ በኋላ ግን ዝም ያለው ሰው ሁሉ የየድርሻውን ይዞ ባለቤቱ ይሆናል። አንዲት ትልም መሬት ስትገፋ ተነሥቶ የሚሟገት ሕዝብ፥ እስትንፋስም ድንበር እንዳላት ባወቀ ቀን ለእርስዋ ሽማግሌ መሰብሰብ አይከብደውም።